ሳምቡሳውን እያወቃችሁት ሜኑውን ለምን ፈራችሁት? ጀጎልና የህንድ ማዕድ

አዲስ አበባ ውስጥ ህንድ ምግብ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባን ሰው ከሩቅ ማወቅ ይቻላል። ሜኑውን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ያገላብጣል። ገጹ አያልቅም፤ ስሙም አፍ አይሞላለትም። በመጨረሻ ቀና ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቢሪያኒ በዶሮ» ይላል። አራት ሆነው ከመጡም አራት ቢሪያኒ ነው። ቢሪያኒ ምንም አልበደለም። ነገር ግን የአገራችን ምግብ ቤት ገብተው አራቱም ሰዎች ለየብቻቸው ፍርፍር አዝዘው እንደ መውጣት ነው።

ዛሬ ስለዚህ ሜኑ እንነጋገር። ፖለቲካውን ለአንድ ቀን እናሳርፈው ብዬ ነበር የተነሳሁት። ታሪኩን ስከተለው ግን ሄዶ ሄዶ ጀጎል ግንብ ውስጥ ገባና «በየትኛው ቤት ላይ የማን ስም ይጻፍ?» ከሚል ጥያቄ ላይ ጣለኝ። ስለዚህ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በስተቀር ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

የምለው ይህን ነው። ከኢትዮጵያ ከተሞች መካከል የህንድ ሜኑ ፊት «እንግዳ ነኝ» ሊል የማይገባው ከተማ ቢኖር ሐረር ነው። የሜኑውን ሩብ ያህል ስሙን ቀይሮ ሲበላው ኖሯል፤ ቅመሙንም እንደዚያው። በግመል ያስጫኑለትን ሰዎች ግን ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ የለም።

መንገዱን እንይ

ሐረር ከባሕር ሩቅ ናት፤ ሆድዋ ግን ሁልጊዜ ወደ ባሕር ነው። በሯ ዘይላ ነበረች። ኢብን ባጡጣ እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ ዘይላ ሲደርስ ገበያዋ ትልቅ፣ ሽታዋ ግን የማይቻል ሆኖ አገኘው። የዓሣው ግማትና መንገድ ላይ የሚታረደው የግመል ደም አስመርሮት ባሕሩ ቢናወጥም መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደልሂ ገብቶ በሱልጣኑ ግብር ላይ ተቀመጠ። እዚያ ከቀረቡለት ምግቦች አንዱ የተከተፈ ሥጋ፣ ለውዝ፣ ሽንኩርትና ቅመም በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በቅቤ የተጠበሰ ነበር። ስሙን «ሳምቡሳክ» ብሎ ጻፈው። ፈረስ መጋላ ላይ አመሻሽ ላይ በዘይት የሚንጣጣው ሳምቡሳ እሱ ነው። ቃሉ ሥሩ ፋርስ ነው፤ ህንዶች «ሳሞሳ» አሉት፣ ዐረቦች «ሰምቡሳ»፣ እኛም ከዐረቦቹ ጋር ሄድን።

ከዘይላ ማዶ ኤደን አለች፣ ከኤደን ማዶ ቦምቤይ። ይህ መስመር ተራ የንግድ መስመር ብቻ አልነበረም። እንግሊዞች ኤደንን ከያዙ በኋላ ለረጅም ዘመን የምትተዳደረው ከቦምቤይ ነበር። ዘይላንና በርበራን ሲይዙም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1898፣ ያስተዳደሩት በህንድ መንግሥታቸው በኩል ነው። ስለዚህ በባሕሩ ዳር የሚሠራው ገንዘብ ሩፒ ነበር። ወደ ደጋው ሲወጣ በማሪያ ቴሬዛ ብር ይተካል። ሪቻርድ በርተንም ቢሆን በ1847 ሐረር ሲገባ የቦምቤይ ጦር መኮንን ነበር። አስር ቀን ቆየ። ከአሚሩ ዘንድ የቀረበለት ምግብ በጎምዛዛ ወተት የራሰ የማሽላ ቂጣ ሲሆን፣ ላዩ ላይ ቀይ በርበሬ በብዛት ተነስንሶበት ነበር። ይህችን ያዙልኝ፤ በርበሬዋን በኋላ እንፈልጋታለን።

የሐረር ቡናና ቆዳ በዚህ መንገድ ወረደ፤ ጨርቅ፣ ሩዝ፣ ስኳርና ቅመም ወጣ። ቅመሙ ስሙንም ይዞ ነው የወጣው። ሄል እንላለን፣ ፋርሶችም «ሄል» ይላሉ፣ የህንዶቹ «ኢላይቺ»ም ዘመዱ ነው። ዝንጅብል በዐረብኛ በኩል የመጣ የህንድ ቃል ነው። ስኳርም እንደዚያው። እርድን የመኖች «ሁርድ» ይሉታል። ነጭ አዝሙድ የምንለው ህንዶች «አጅዋይን» ብለው ሊጥ ውስጥ የሚጨምሩት ያው ተክል ነው። ኮረሪማ ግን የራሳችን ነው፤ የሄል የአጎት ልጅ፣ እዚሁ የበቀለ። አብሽ ደግሞ የጋራ ነው፦ ሐረሪው «ሁልባት መረቅ» ይሠራበታል፣ ህንዱ «ሜቲ» ብሎ ወጡ ላይ ይነሰንሰዋል። የህንድ ምግብ ቤት በር ላይ ስትደርሱ አፍንጫችሁን የሚቀበለው ሽታ እንግዳ የማይሆንባችሁ ለዚህ ነው።

«ይህ ሁሉ የዐረብ እንጂ የህንድ አይደለም» የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት አላቸው፣ ግማሹን። መርከቡ የዐረብ፣ ግመሉ የሶማሌና የአፋር፣ ገበያው የሐረሪ ነበር። ባሕር ላይ የሚዞር ነገር ባለቤቱ ብዙ ነው።

ሁለቱ ማድ ቤቶች

ህንዶቹ በርከት ብለው መጥተው ግንቡ ውስጥ የተቀመጡት በ1879 ዓ.ም በገና ሰሞን ከሆነው የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ነው። ያ ቀን ለሐረሪዎች ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢዎቼ መንገር የለብኝም። አሚር አብዱላሂ ተሸነፉ፣ ምኒልክ ከተማዋን ያዙ፣ ገዥው ራስ መኮንን ሆኑ። ንግዱ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ሰፋ። አርመን፣ ግሪክ፣ ፈረንሳዊና ህንዳዊ ነጋዴ ፈረስ መጋላ ዙሪያ ሱቅ ከፈተ። ህንዶቹ የእንግሊዝ ዜጋ ተብለው የቆንስላ ጥበቃ ነበራቸው። ይህ ከአገሬው ነጋዴ የተሻለ እጅ ሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ ታሪካቸውን በማር ለውሼ አልነግራችሁም። ለትርፍ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ፣ አተረፉም።

ለሜኑው ጉዳይ ግን አንድ ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። የመጡት ህንዶች አንድ ዓይነት አልነበሩም። ብዙዎቹ ከጉጃራትና ከአካባቢው ናቸው፤ በሃይማኖት ግን ተለያይተዋል። አንደኛው ወገን ባንያን የሚባሉት ናቸው፦ ሂንዱና ጃይን ነጋዴዎች፣ ሥጋ በአፋቸው የማይዞር። ሌላው ወገን ሙስሊሞቹ ናቸው፣ በተለይም ቦህራዎቹ። የታላቁ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ባለቤቶች ከእነዚህ ወገን ነበሩ። አዲስ አበባ አራዳ ውስጥ እስከ ዛሬ «የመሐመድ አሊ ቤት» የሚባል አሮጌ ሕንፃ አለ፤ የሐረር ቅርንጫፋቸውም ትልቅ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት የህንድ ማድ ቤት አለ። በአንዱ ክክ በእርድና በከሙን ይፈላል፣ የሽምብራ ዱቄት በእርጎ ይበጠበጣል፤ ሥጋ የሚባል አይገባም። በሌላው ፍየል በሩዝ ይታፈናል፣ ቂማ ለሳምቡሳ ይከተፋል። ዛሬ ማንኛውም የህንድ ሜኑ ለሁለት ተከፍሎ የምታገኙት፣ «አትክልት» በአንድ በኩል «ሥጋ» በሌላ በኩል፣ የእነዚህ ሁለት ማድ ቤቶች ክፍፍል ነው። ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነጥብና ቀይ ነጥብ ይደረግበታል፤ አረንጓዴው የባንያኑ ነው ብላችሁ ያዙት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ በተለይ ለጾመኛ። የባንያን ማዕድ ሥጋ የለበትም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። ወተት፣ እርጎና ቅቤ የማድ ቤቱ ምሰሶ ናቸው። «ጊ» የሚሉት የእኛው የተነጠረ ቅቤ ነው፣ ቅመም ያልገባበት። «ፓኒር» አይብ ነው። «ራይታ» እርጎ ነው። «ዳል ማካኒ» ስሙ ራሱ ቅቤ ማለት ነው። ናን ሊጡ ውስጥ እርጎ ወይም ወተት፣ ላዩ ላይ ቅቤ አይጠፋም። በዐቢይ ጾም «አትክልት ነው» ተብሎ ፓላክ ፓኒር የበላ ስንቱ ነው! መጠየቅ ያለበት «ሥጋ አለው?» ተብሎ ብቻ አይደለም፤ «ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ አለው? በዘይት ትሠሩልኛላችሁ?» ተብሎ ነው። ይሠሩላችኋል። ለጾመኛ የሚስማማው ቻና ማሳላ (የሽምብራ ወጥ)፣ አሉ ጎቢ (ድንችና አበባ ጎመን)፣ ተራ ዳልና ነጭ ሩዝ ነው። ከቂጣዎቹም ናኑን ትታችሁ «ሮቲ ያለ ቅቤ» በሉ።

የባንያኑ ማዕድ ለሐረር ሰው ሌላም ትርጉም አለው። በአገራችን የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ መለያየቱን ታውቃላችሁ። አብሮ ያደገ፣ አብሮ የተማረ፣ ለቅሶ ተካፍሎ የሚደርስ ጎረቤት ሥጋ ሲቀርብ ሁለት ትሪ ያዘጋጃል። ማንም አይቀየምም፤ ግን ሁለት ትሪ ነው። አረንጓዴው ገጽ ላይ ያለውን ሁሉ ግን ሁለቱም ያለ ጥያቄ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። የተቀላቀለ ቡድን ይዛችሁ ህንድ ቤት ስትሄዱ ትእዛዙን ከዚያ ገጽ ጀምሩ። ሥጋ ካማራችሁ «ሐላል ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ አስተናጋጁ በቀን ሃያ ጊዜ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ክርስቲያኑም የራሱን ይጠይቅ።

ቤቶቹና ስማቸው

አሁን ወደ ቤቶቹ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከተጠቀሱት የቤት ዓይነቶች አንዱ የሐረሪዎች ነባር «ጌይ ጋር» ነው፣ ሌላው «የህንድ ቤት» ይባላል። ከ1879 በኋላ በመጡ የህንድ ነጋዴዎች የተሠራ፣ ባለ ፎቅ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ የእንጨት ሰገነት ያለው። ሦስተኛው ሁለቱ የተዳቀሉበት ነው። ይህ በቅርስ መዝገብ ላይ ያለ እውነት ነው። ወደ መንገዱ ስንወርድ ግን ምን እናገኛለን?

በጣም የሚጎበኘው የህንድ ቤት «የራምቦ ቤት» ይባላል። አርተር ራምቦ ፈረንሳዊው ገጣሚ፣ በ1873 ከዘይላ በፈረስ ሃያ ቀን ተጉዞ ሐረር ገባ፤ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ኋላም መሣሪያ፤ በ1884 በሰላሳ ሰባት ዓመቱ ማርሴይ ውስጥ ሞተ። ቤቱ የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ባለቀለም መስታወቱና የተፈለፈለው እንጨት የህንድ እጅ ነው። ራምቦ አልኖረበትም፣ ሊኖርበትም አይችልም ነበር። የፈረንሳይ ቱሪስት ግን ስሙን ያውቃል፣ ስሙም ቀረ።

እኔ በበኩሌ ራምቦ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሙዚየሙም ጥሩ ነው፣ ያነሳቸው ፎቶግራፎች ለከተማዋ ሀብት ናቸው። የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። ቤቱን በገንዘቡና በጥበበኛ ያሠራው ሰው ለጉብኝት ትረካው የአንድ ዓረፍተ ነገር ቅንፍ ሲሆን፣ ያልኖረበት ሰው ርዕስ ሆነ። የፈረንጅ ስም ቲኬት ይሸጣል ከሚል በስተቀር ሌላ ምክንያት ያለው ሰው ካለ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው።

ከዚያ ብዙ የማይርቀው ሌላው ቤት ይበልጥ ይገርማል። ራስ ተፈሪ ከእቴጌ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት የሚባለው፣ አሁን የአብደላ ሸሪፍ የግል ሙዚየም የሆነው። እሱንም የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ከበሩ በላይ ቀና ካላችሁ የጋኔሻን ቅርጽ ታያላችሁ፣ የዝሆን ራስ ያለውን የሂንዱ አምላክ። ሂንዱ ነጋዴ እሱን በር ላይ የሚያኖረው መሰናክል ያነሳልናል ብሎ ነው። ከሥሩ ባሉት ክፍሎች ውስጥ ደግሞ በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች፣ የሐረሪ ሽልማትና ሳንቲም ተደርድረዋል። የሙስሊም ቅርስ የሞላበት፣ የክርስቲያን አልጋ ወራሽ ያደረበት፣ የሂንዱ አምላክ የሚጠብቀው ቤት ሌላ የት አለ? ጋኔሻውን ማንም አልፈነቀለውም። ይህን ለሐረር ሰው አመሰግናለሁ።

ታዲያ ምግብ ቤቱ የት ሄደ?

አስጎብኚውን «ጀጎል ውስጥ የድሮ የህንድ ምግብ ቤት አሳየኝ» ብትሉት የሚያሳያችሁ የለውም። ይህን ያህል ዘመን ኖረው ለምን ምግባቸውን አልሸጡልንም?

አንዱ መልስ የንግዱ መሄድ ነው። በ1895 ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ሐረር ተራራዋ ላይ ቀረች። መጋዘኑ፣ ጉምሩኩ፣ ኋላም ነጋዴው ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። በ1929 ጣሊያኖች የመሐመድ አሊን ኩባንያ የእንግሊዝ ጆሮ ነው ብለው አባረሩት። ከነፃነት በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ህንዶች መጡ፦ በ1950 ዓ.ም ገደማ ለተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ የህንድ ጦር መኮንኖች፣ ለየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም የሂሳብና የፊዚክስ አስተማሪዎች። የአንድ ትውልድ ኢትዮጵያዊ እንግሊዝኛ የህንድ ቅላጼ የያዘው በእነሱ ነው። እነሱ ግን በኮንትራት የመጡ ደመወዝተኞች ናቸው፣ ቤት አልሠሩም። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 47/1967 መጣና ትርፍ ቤትና የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ። አካዳሚውም በደርግ ዘመን ተዘጋ። ሰገነቱ ቀረ፣ ማድ ቤቱ ጠፋ።

ሁለተኛው መልስ ግን ለእኔ ይበልጣል፣ ለጀማሪም ልብ ይሰጣል። እነዚያ ነጋዴዎች ምግብ ቤት የሚባል ነገር አላስፈለጋቸውም። ባንያኑ ሌላ ሰው የነካውን ምግብ እንኳ የሚጠነቀቅ ሰው ነው፤ ቤቱ ይበላል፣ ያገሩ ሰው ያበስልለታል። ከዚህም በላይ ዛሬ በእጃችን የያዝነው ሜኑ የእነሱ አይደለም። ባተር ችክን፣ ታንዱሪ፣ ናን፣ ይህ የሰሜኑ፣ የፑንጃብ ማዕድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ከፔሻዋርና ከፑንጃብ የተሰደዱ ሰዎች ደልሂ ገብተው ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ታዋቂው ሞቲ ማሃል ከእነዚያ ነው። ባተር ችክን እዚያ ተወለደ፣ ማን እንደፈጠረው ዘሮቻቸው ዛሬም በደልሂ ፍርድ ቤት ይካሰሱበታል። ያ ዓይነት ሜኑ ነው ለንደንን ዞሮ፣ ዱባይን ዞሮ ቦሌ የደረሰው።

እንግዲህ በ1890ዎቹ ፈረስ መጋላ ላይ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው የጉጃራት ባንያን ዛሬ ተነስቶ ቦሌ ካለ ህንድ ቤት ቢቀመጥ፣ እሱም እንደ እናንተ ገጹን ያገላብጥ ነበር። ባተር ችክን አያውቅም። ናንም የቤቱ አይደለም፤ እሱ ቤት የሚጋገረው ስስ ቂጣ ነው። ሳምቡሳውን ቢያይ ይስቅ ይሆናል፣ ግን ድንች ወይም ምስር እንዳለበት ሳያረጋግጥ አይነካውም።

እሺ፣ እንዘዝ

መጀመሪያ ቃሎቹ። «ከሪ» የሚባል ምግብ የለም፣ «ወጥ» የሚባል ምግብ እንደሌለ ሁሉ። የምን ወጥ? ብላችሁ ጠይቁ። «ማሳላ» ቅመማ ቅመም ነው፣ ከዐረብኛው «መሳሊሕ» የመጣ። «ዳል» ማለት ደግሞ ቃል በቃል ክክ ማለት ነው፣ የተከካ። «ቂማ» የተከተፈ ሥጋ፣ «ኮፍታ» ድቡልቡል፣ «ሐልዋ» ሐላዋ። ቁርኣን ቤት ዐረብኛ የቀሰመ የሐረር ሽማግሌ ይህን ገጽ ከእኔና ከእናንተ የተሻለ ያነብበዋል። «መተን» ሲሉ በግ ብቻ አይምሰላችሁ፣ በህንዶች አነጋገር ብዙ ጊዜ ፍየል ነው። የበሬ ሥጋ ብታጡ አትገረሙ፤ ባለቤቱ ሂንዱ ከሆነ አይሸጥም።

ቀጥሎ በርበሬው። በርተን የቀመሳት ቀይ በርበሬ አገሯ አሜሪካ ነው። ከኮሎምበስ በፊት ህንድም ኢትዮጵያም አያውቋትም ነበር። ለህንድ ያደረሷት ፖርቱጋሎች ናቸው፣ በጎዋ በኩል። ከዚያው ከጎዋ ነው እ.ኤ.አ. በ1541 የክሪስቶቮ ዳ ጋማ አራት መቶ ወታደሮች ከሐረር የተነሱትን ኢማም አሕመድን ሊወጉ ወደ ምጽዋ የመጡት። ጎዋ ላይ ፖርቱጋሎቹ በኮምጣጤና በነጭ ሽንኩርት ከሚዘፈዝፉት ሥጋ «ቪንዳሉ» ተወለደ፣ ሜኑው ላይ በጣም የሚያቃጥለው እሱ ነው። (የጎዋው መነሻው በአሳማ ነው፤ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ በዶሮ ወይም በበግ ቢሠራም ጠይቁ።) እኛ በርበሬን በሽንኩርት ቁሌት ለረጅም ጊዜ አብስለን እናለዝበዋለን፣ ህንዱ ግን ጥሬ ቃሪያም፣ ደረቅ በርበሬም፣ ቁንዶ በርበሬም በአንድ ድስት ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ «እኔ ሚጥሚጣ የለመድኩ ነኝ» ብላችሁ አትፎክሩ። በመጀመሪያው ቀን «መካከለኛ» በሉ። ለማያቃጥል «ኮርማ» ወይም ባተር ችክን ያዙ። አፍ ከተቃጠለ ውኃ አይረዳም፣ እርጎ ይረዳል፤ ራይታ ወይም ላሲ አስቀድማችሁ አዝዙ።

አራት ሰው ከሆናችሁ የኔ ትእዛዝ ይህ ነው። ለመክፈቻ አንድ ሳህን ሳሞሳ፣ የአትክልቱን። ከሐረሩ ወፍራም ነው፣ ውስጡም ድንች ነው፣ ድንቹም እንደ በርበሬው ከአሜሪካ በኋላ የመጣ ስለሆነ ታላቁ የእናንተው ባለሥጋው ነው። ከዚያ አንድ ዳል፤ ክክ አልጫን የሚወድ ሰው ዳል ላይ አይሳሳትም። አንድ ደረቅ አትክልት፣ አሉ ጎቢ ይሁን። አንድ መረቅ ያለው ሥጋ፣ የሁላችሁም የሚሆን ከሆነ። አንድ ቢሪያኒ፣ ለአራቱም አንድ! አንድ ራይታ። ሦስት ናን አዝዛችሁ ጀምሩ፣ ሲያልቅ ጨምሩ፤ ናን ከቀዘቀዘ ጎማ ነው። ሁሉንም መሐል አስቀምጡት፣ ለየብቻ ሳህን አትከፋፈሉ። ሹካ ይቀርብላችኋል፣ ግን በቀኝ እጅ ናኑን ቆርሶ መረቁን መጥቀስ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ሕዝብ የለም። አስተናጋጁም ደስ ይለዋል።

ጣፋጭ ላይ ስትደርሱ «ጃለቢ» የሚል ካያችሁ ድሬዳዋና ሐረር «ሙሸበክ» የሚሉት ክብ ክቡ፣ ሽሮፕ የጠጣው ነው። መግለጫ አያስፈልገውም። «ጉላብ ጃሙን» የወተት ድቡልቡል ነው፣ ጣፋጭነቱ ጥርስ ያማል፤ አንዱ ለሁለት ይበቃል። ሻይ ካላችሁ «ማሳላ ቻይ» በሉ፤ ሄል፣ ዝንጅብልና ቀረፋ በወተት። ሐረር ውስጥ የሶማሌዎቹን ባለ ቅመም የወተት ሻይ የጠጣ ሰው አዲስ ነገር አይሆንበትም። ጀበና ቡና አትጠይቁ፤ ያን ጀጎል ስትመለሱ ትጠጡታላችሁ፣ ከፈለጋችሁም የቡናውን ገለባ በወተት አፍልተው የሚያቀርቡትን «ሐሸር ቃህዋ»።

ከሂሳቡ ጋር በትንሽ ሳህን ስኳር የተቀላቀለበት አረንጓዴ ፍሬ ይመጣል። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ሳይነካው ይወጣል። እንስላል ነው። በጣታችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ አኝኩት፤ ሆድ ያቀላል፣ የነጭ ሽንኩርቱንም ሽታ ያጠፋል።